ድንኳኑ ከመተከሉ በፊት

«ከእንግዲህ እዚህ የሚደረግላቸው ነገር የለም፤ ቤት ወስዳችሁ ተንከባከቧቸው።» ካንሰሩ የተሠራጨበት፣ ኩላሊቱ ሥራ ያቆመ ወይም ልቡ የደከመ ሰው ያለው ቤተሰብ በሆስፒታል ኮሪደር ላይ ቆሞ የሚሰማው ንግግር ብዙ ጊዜ ይኸው ነው። ሐኪሙ ይህን የሚለው ጨክኖ አይደለም። አልጋው ይፈለጋል፤ በር ላይ ሌላ ሕመምተኛ በቃሬዛ ተኝቶ ይጠብቃል። ቤተሰቡ ግን ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ማንም ያላስተማረውን ሥራ ተረክቧል። ባጃጅ ይጠራል፤ ሕመምተኛው ተደግፎ በጅማ ከተማ ጊንጆ ጉዱሩ ወይም ቦሳ ቂጦ፣ አለዚያም ከከተማዋ ወጥቶ የቡ፣ ሰርቦ ወይም አጋሮ ወዳለው ቤቱ ይገባል። ከዚያ ይመሻል። ሌሊት ሕመሙ ሲነሣ ለማን እንደሚደወል የሚያውቅ ሰው በቤቱ የለም።

ለዚህ ጊዜ የሚሆን፣ ሆስፒስ የሚባል የሕክምና ዘርፍ አለ። እንግሊዛዊቷ ሲሲሊ ሳንደርስ በነርስነት ጀምራ ኋላም ሐኪም ሆና፣ እ.ኤ.አ. በ1967 የቅዱስ ክርስቶፈርን ሆስፒስ በለንደን ስትከፍት የተነሣችበት ሐሳብ ቀላል ነበር። ሊሞት የተቃረበ ሰው የሚሠቃየው በአካሉ ብቻ አይደለም፤ የልጆቹ ነገር ያስጨንቀዋል፣ ዕዳው ያሳስበዋል፣ ከፈጣሪው ጋር ያለው ጉዳይ እንቅልፍ ይነሣዋል። ስለዚህ ሐኪሙ፣ ነርሷ፣ የሃይማኖት አባቱና ቤተሰቡ አብረው ይይዙታል። አሠራሩ የግድ ሕንፃ አያስፈልገውም፤ ዛሬ በብዙ አገር አገልግሎቱ የሚሰጠው በሕመምተኛው መኝታ ቤት ነው። በእኛም አገር ሲስተር ጽጌሬዳ ይስፋወሰን እ.ኤ.አ. በ2003 የመሠረቱት ሆስፒስ ኢትዮጵያ ነርሶቹን ወደ አዲስ አበባ ሕሙማን ቤት እየላከ ሲያገለግል ቆይቷል። ጤና ሚኒስቴርም እ.ኤ.አ. በ2016 ሕመምን ስለማስታገስ ክብካቤ ብሔራዊ መመሪያ አውጥቷል።

አዲስ አበባ ግን ከጅማ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። እዚህ ለእናቱ ወይም ለአባቱ ተንከባካቢ የሚፈልግ ሰው በሁለት ሆስፒሶች መካከል አያማርጥም። የሚመርጠው ሰዎችን ነው። የትኛው ሐኪም ይከታተል? የትኛዋ ነርስ ቤት ድረስ ትምጣ? ከልጆቹ ማን ያስታምም? መድኃኒቱ በየት በኩል ይምጣ? ከእነዚህ ሁሉ በፊት ግን አንድ ከባድ ምርጫ ይቀድማል፤ እንደገና አዲስ አበባ እንሂድ ወይስ እዚሁ እንሁን?

የአዲስ አበባው መንገድ በልባችን የተቀረጸው በምክንያት ነው። በኢትዮጵያ የጨረር ሕክምና እ.ኤ.አ. በ1997 በጥቁር አንበሳ ከተጀመረ በኋላ ለረዥም ዓመታት ሌላ ቦታ አልነበረም። የጅማ፣ የሊሙ ገነት፣ የቦንጋ ሕመምተኛ ሁሉ ተራ ለመጠበቅ ወደዚያ ተጓዘ። ዛሬ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ራሱ ካንሰርን ያክማል፤ ልማዱ ግን አልለቀቀንም። ሁሉም ጉዞ ከንቱ ነው እያልኩ አይደለም። አጥንት ውስጥ የገባ ካንሰር የሚያመጣውን ስቃይ ወይም ከማሕፀን በር የሚፈሰውን ደም አጭር የጨረር ሕክምና ሊያስታግሰው ይችላል፤ ለዚያ ሲባል መጓዝ ተገቢ ነው። ለሐኪሙ ቁርጥ ያለ ጥያቄ ማቅረብ ያስፈልጋል። ይህ ሕክምና ይፈውሳቸዋል? ዕድሜ ይጨምርላቸዋል? ወይስ ሕመሙን ብቻ ይቀንስላቸዋል? ይህን መጠየቅ ነውር አይደለም፤ ሐኪምን መዳፈርም አይደለም። መልሱ ከሦስቱ አንዱም ካልሆነ፣ ጉዞው ለሕመምተኛው ሲባል የሚደረግ መሆኑ ይቀራል። «ሳያሳክሙ ገደሉት» እንዳይባል የሚደረግ ጉዞ ይሆናል።

የዚህ ፍርሃት ዋጋ ደግሞ በቡና አገር ልዩ መልክ አለው። ገንዘብ የሚገባው ከጥቅምት እስከ ጥር፣ ቡናው ተለቅሞ ሲሸጥ ነው። በሽታ ግን ወቅት አይጠብቅም፤ ሐምሌ ላይ ሲጠና በቤቱ ያለው ጭቃና ዝናብ ብቻ ነው። ያኔ ቡናውን ገና ዛፉ ላይ እያለ በርካሽ የሚሸጥ፣ ማሳውን የሚያስይዝ ቤተሰብ አለ። ለሚድን ሰው ይህ ይገባል። ለማይድን ሰው የተሸጠ ማሳ ግን የሚቀጥለውን ዓመት ረሃብ ይዞ ይመጣል፤ ሕመምተኛውም ያውቀዋል፤ ብዙ አባቶች በመጨረሻ ቀናቸው የሚጨነቁት ስለ ሞታቸው ሳይሆን ስለዚሁ ነው። ሰው የማይናገረው ሌላም ሒሳብ አለ። አዲስ አበባ ሳሉ ካረፉ፣ አስከሬን አሳፍሮ መመለስ በሕይወት ያለ ሰው ከማሳፈር እጅግ የበለጠ ያስወጣል። በዚህ የተነሣ ነፍሱ ልትወጣ የተቃረበች ሰው በሌሊት መኪና ሲንገላታ 350 ኪሎ ሜትር ይጓዛል። እዚሁ ለመሆን ቀድሞ የወሰነ ቤተሰብ ሕመምተኛውን ከዚህ ጉዞ ያድናል።

ውሳኔው የማን ነው? ይህ ጥያቄ ካልተፈታ ሌላው ሁሉ ይበላሻል። ዛሬ ገንዘቡ የሚላከው ብዙ ጊዜ ከውጭ ነው፤ ገንዘብ የላከ ሰው ደግሞ ይወስናል። ከዋሽንግተን ወይም ከሪያድ የሚደውለው ልጅ ለመጨረሻ ጊዜ የሳመውን አባት ነው የሚያስታውሰው፤ አሁን አጥንቱ የወጣውን አላየም። ስለዚህ «ባንኮክም ቢሆን ውሰዱት» ይላል። ሌሊት የምትነሣው፣ አንሶላ የምትቀይረው፣ የምታጥበው ልጅ ወይም ምራት ግን ቃል የላትም። በውጭ ካሉት ወገኖቻችን ብዙዎቹ በአረጋውያን ክብካቤ የሚተዳደሩ ናቸው። አሜሪካ ውስጥ የመንግሥቱ የአረጋውያን መድን እ.ኤ.አ. ከ1983 ጀምሮ ለሆስፒስ እንደሚከፍል፣ ለዚያም ሐኪሞች የቀረው ዕድሜ ስድስት ወር ወይም ከዚያ በታች ነው ብለው መመስከር እንዳለባቸው ከሥራቸው ያውቁታል። የሰው እናት አጥበው፣ ገልብጠው፣ አጽናንተው የሚሸኙ እጆች ናቸው። ያን ዕውቀት በስልክ ለእህታቸው ቢያካፍሉ ከላኩት ገንዘብ ያላነሰ ይረዳል። እንዴት እንደሚገለበጥ፣ አፍ እንዴት እንደሚጸዳ፣ የአልጋ ቁስል ከመውጣቱ በፊት ቆዳው እንዴት እንደሚቀላ ሊነግሯት ይችላሉ። ምርጫው ሲደረግ የአስታማሚዋ ቃል መጀመሪያ ይሰማ፤ የምትችለውንና የማትችለውን የምታውቀው እሷ ናት።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ፣ ወደ ስቃዩ እንግባ። አንድን ሐኪም ወይም ክሊኒክ ለመመዘን አንድ ጥያቄ ብቻ ቢፈቀድልኝ የምጠይቀው ስለ ሞርፊን ነው። ያዝዛሉ? ፋርማሲያችሁስ አለው? ሲያልቅ ከየት ይመጣል? በካንሰር ለሚመጣ ከባድ ሕመም በአፍ የሚወሰድ ሞርፊን ዋናው መድኃኒት መሆኑን የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1986 ባወጣው መመሪያ አስታውቋል። ሽሮፕ ነው፤ በየአራት ሰዓቱ ይወሰዳል፤ መጠኑ ከትንሽ ተጀምሮ ሕመሙ እስኪታገሥ ይጨመራል። ከእሱ ጋር የሆድ ማለስለሻ የማያዝዝ ሐኪም ሥራውን ግማሽ ላይ ትቶታል፤ ምክንያቱም ሞርፊን ሆድ ያደርቃል፣ ድርቀቱም ራሱ ስቃይ ይሆናል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ማቅለሽለሽና እንቅልፍ ይኖራል፤ ብዙውን ጊዜ ይለቃል። «ሱስ ያስይዛቸዋል» ብሎ የሚከለክል ዘመድ በየቤቱ አይጠፋም። በጥንቃቄ ተለክቶ ለሕመም የሚሰጥ ሞርፊን ሞትን አያፋጥንም፤ ዓይኑ እያየ የሚያቃስትን ሰው ሱስ እንዳይይዘው ብሎ መከልከል ደግሞ በምንም ሚዛን አይጸድቅም።

በአገራችን መድኃኒቱ በጥብቅ ቁጥጥር ሥር ስለሆነ የሚታዘዘው በልዩ ማዘዣ ወረቀት ነው። ስለዚህ አጋሮ ወይም ጌራ ያለ ቤተሰብ ከጅማ ሲወጣ ጠርሙሱን ብቻ ይዞ መውጣት የለበትም። ስንት ቀን እንደሚያቆየው፣ ቀጣዩን ማዘዣ ማን እንደሚጽፍለት፣ ሕመምተኛውን ሳያመጡ ቤተሰቡ ሄዶ መውሰድ ይችል እንደሆነ፣ ሌሊት በድንገት ሕመሙ ቢያይል ስንት ሚሊ ሊትር መጨመር እንደሚቻል በጽሑፍ መያዝ ያስፈልገዋል። የዓለምን አድልዎ ለማየት አንድ ቁጥር ይበቃል። ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ያቋቋመው ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2017 እንዳስታወቀው፣ በዓለም ከሚሠራጨው 298.5 ሜትሪክ ቶን ሞርፊንና መሰሎቹ ውስጥ ለደሃ አገሮች የሚደርሰው 0.1 ቶን ብቻ ነበር። በአገራችን እ.ኤ.አ. በ2020 በተገመተው መሠረት በዓመት ወደ 77,000 ሰው አዲስ ካንሰር ይገኝበታል፣ ወደ 52,000 ሰው በካንሰር ይሞታል። ከእነዚህ ስንቱ ያለ ማስታገሻ እንደሚሞት ለማሰብ ሌላ ጥናት አያስፈልግም።

ቤት የምትመጣዋን ነርስ በተመለከተ፣ ቅልጥፍናዋ በመርፌ አይለካ። ሰዉ ቤት የሚመጣ ባለሙያ ሲፈልግ ብዙ ጊዜ የሚያስበው ግሉኮስ የሚሰቅልለትን ነው። ግሉኮስ ምግብ አይደለም። ሰውነቱ እየተዘጋ ላለ ሰው የሚፈስ ፈሳሽ እግር ያሳብጣል፣ ሳንባ ውስጥ ገብቶ ትንፋሽ ያስቸግራል። «ዛሬ ግሉኮስ አይጠቅማቸውም» ብላ የምትከራከር ነርስ ከተገኘች፣ የምትከፈለውን ገንዘብ ትታ እውነቱን ነግራችኋለችና አትልቀቋት። ስለ ምግብም እንዲሁ ነው። አጥሚቱን፣ ገንፎውን በግድ ማጉረስ ፍቅራችን የሚገለጥበት መንገድ ስለሆነ፣ «አልበላ አለኝ» የሚለው ለቅሶ ከሕመሙ በላይ ቤቱን ያውካል። በመጨረሻዎቹ ቀናት ሰው አልበላ የሚለው ሰውነቱ ምግብ መፈለግ ስላቆመ ነው፤ በርሃብ እየሞተ አይደለም። ከንፈሩን በውኃ ማራስ፣ አፉን ማጽዳት፣ የሚወደውን በማንኪያ ጫፍ ማቅመስ ይበቃዋል። ይህን ለቤተሰቡ አስቀድማ የምታስረዳ፣ በሕመምተኛውም ቋንቋ፣ በአፋን ኦሮሞም ይሁን በዳውሮኛ ወይም በየምኛ፣ «የት ጋ ነው የሚያምዎት?» ብላ መጠየቅ የምትችል ነርስ ትመረጥ። ሰው ስቃዩን የሚናገረው በአፍ መፍቻው ነው።

ስለ ሽታ ማውራት ያሳፍራል፤ ግን ዝም ማለት ይበልጥ ይጎዳል። የጡት ካንሰር ሲቆስል፣ የማሕፀን በር ካንሰር ሲፈስ ክፉ ሽታ አለው። ሁለቱ በአገራችን ሴቶች ላይ በብዛት የሚታዩት ካንሰሮች ናቸው። ሽታው ስለሚያሸማቅቃት ሴትየዋ በሯን ትዘጋለች፤ ጠያቂ እንዳይገባ ትለምናለች፤ የልጅ ልጆቿን ከአልጋዋ ታርቃለች። የሚያሳዝነው መፍትሔው በየፋርማሲው መኖሩ ነው። ሰዉ ፍላጂል እያለ የሚያውቀው የሜትሮኒዳዞል ክኒን ተፈጭቶ ቁስሉ ላይ ሲነሰነስ፣ ቁስሉም በየቀኑ ሲጠረግ ሽታው ይቀንሳል። የምትከታተለው ነርስ ይህን የምታውቅ መሆኗን መጠየቅ ተገቢ ነው። አንዲት እናት በመጨረሻ ወሯ ጎረቤቶቿ ቡና አፍልተው አጠገቧ እንዲቀመጡ ማድረግ የሚችል ክኒን መኖሩን ሳናውቅ ስንቷን በብቸኝነት ሸኝተናል!

አባቶች «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላሉ፤ እኛ ግን በሽታውን ከባለቤቱ እንደብቃለን። ለሐኪሙ «እንዳትነግራቸው» እንላለን፤ ሕመምተኛው ግን ከዓይናችን ያነበዋል፤ እሱም እንዳይጨንቀን ብሎ ዝም ይላል። ሁለት ዝምታ በአንድ ቤት ሲቀመጥ ኑዛዜ አይነገርም፣ ዕዳ አይገለጥም፣ የተጣላ ወንድም አይጠራም። ሁሉም ሰው ሁሉንም ነገር በአንድ ቀን መስማት አለበት አልልም። «ምን ያህል ማወቅ ይፈልጋሉ?» ብሎ ራሱን ሕመምተኛውን የሚጠይቅ ሐኪም ግን ከሚደብቀውም፣ በሩ ላይ ቆሞ ከሚያረዳውም ይሻላል። እውነቱን ያወቀ ኦርቶዶክስ ንስሐ ይገባል፣ ቀንዲል ይቀባል፤ እውነቱን ያወቀ ሙስሊም አማናውን ይመልሳል፣ አፉ ይባባላል። ሼኩም ቄሱም የሕክምናው አካል ናቸው፤ ጸበሉ ወይም ዱዓው የሚደረገው ግን ማስታገሻውን ሳያቋርጡ ነው። ይህን ለምእመናቸው የሚናገሩ የሃይማኖት አባቶች ከብዙ ሐኪም በላይ ከስቃይ ያድናሉ።

እስካሁን ያልኩት ሁሉ አንድን ቤተሰብ የሚመለከት ነው። አንድ ቤተሰብ ግን ብቻውን አይችለውም፤ ሁለት ወር ሌሊት የነቃች ልጅ ራሷ ትታመማለች። እዚህ ላይ ነው የእድሩ ጥያቄ የሚነሣው።

በጊንጆ ጉዱሩም ሆነ በሌላው የጅማ ሰፈር እድር የሌለው ሰው ጥቂት ነው። ሰው ሲሞት ያለውን ቅልጥፍና ሁላችንም እናውቀዋለን። ድንኳኑ በሰዓታት ውስጥ ይተከላል፤ ወንበሩ፣ ድስቱ፣ ውኃው ይደርሳል፤ ገንዘቡ ይከፈላል፤ ሐዘንተኛ ብቻውን አያድርም። ሙስሊሙና ክርስቲያኑ በአንድ መዝገብ የተጻፈባቸው የሰፈር እድሮች ይህን ለዘመናት አድርገዋል። ያ ሁሉ ጉልበት ግን የሚንቀሳቀሰው ሰውየው ካረፈ በኋላ ነው። በሕይወት ሳለ፣ በየወሩ መዋጮውን ሲከፍል የኖረው ሰው አልጋ ላይ ሦስት ወር ሲያቃስት፣ እድሩ እንደ እድር አይመጣም። ጎረቤት ይጠይቃል፣ ብርቱካን ይይዛል፣ «እግዜር ይማርዎት»፣ «አላህ ያሽርዎት» ብሎ ይሄዳል። ለቀብሩ ቀን ከምናወጣው ከፊሉን፣ ለቅሶ ላይ ከምንቀመጥበት ሰዓት ጥቂቱን ወደ መኝታው ዘመን ብናመጣው አባላችን ራሱ ይጠቀምበታል። በእኔ እምነት በጅማና በቡና ከተሞቿ የሆስፒስን ሥራ ሊሸከም የሚችለው ተቋም አዲስ ሳይሆን ይኸው በእጃችን ያለው ነው።

ሕልም አይደለም። በኤችአይቪ ክፉ ዘመን፣ ነጻው መድኃኒት በ1997 ዓ.ም. ከመጀመሩ በፊትም ሆነ በኋላ፣ በአዲስ አበባ እድሮች በጎ ፈቃደኛ አስታማሚዎችን አሠልጥነው ሰው የሸሻቸውን ሕሙማን ቤት ለቤት አጥበዋል፣ አብልተዋል። ሕሙማኑ በመድኃኒቱ ተነሥተው ሲሄዱ ሥራው ቀዘቀዘ፤ እንዴት እንደሚሠራ ግን ታይቷል። በሕንድ ኬራላ ግዛት ደግሞ ኮዚኮድ ከተማ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1993 በጥቂት ሐኪሞች የተጀመረው ማኅበር ወደ ሰፈር ወርዶ፣ ጎረቤቶች በሳምንት ጥቂት ሰዓት እየሰጡና ሳንቲም እያዋጡ የሚያስታምሙበት መረብ ሆነ። ነርሷ ትመጣለች፣ በመካከሉ ያሉትን ቀናት ጎረቤት ይሸፍናል። የግዛቱ መንግሥትም እ.ኤ.አ. በ2008 ፖሊሲ አድርጎ ተቀበለው። ከእድር ጋር ያለውን ዝምድና ለማየት ብዙ ማሰብ አያስፈልግም።

ጅማ ደግሞ ትልቅ ሀብት አላት። በ1975 ዓ.ም. የተቋቋመው የጤና ሳይንስ ተቋሟ፣ ኋላ ዩኒቨርሲቲ የሆነው፣ ተማሪን ወደ ማኅበረሰቡ መካከል አውጥቶ በማስተማር ነው ስሙን ያተረፈው። የጤና ተማሪዎች በቡድን ሆነው ጤና ጣቢያዎች ላይ ይመደባሉ፤ ቤት ለቤት ይዞራሉ። ከእነዚህ ጉዞዎች አንዱ ክፍል ቤት ውስጥ የተኙ የማይድኑ ሕሙማንን መጎብኘትና የእድር አስታማሚዎችን ማሠልጠን ቢሆን፣ ተማሪው ወደፊት «ቤት ውሰዷቸው» ብሎ ከመናገሩ በፊት ያ ቤት ምን እንደሚመስል ያውቃል። በ1995 ዓ.ም. በተጀመረው መርሐ ግብር በየቀበሌው የተሠማሩት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችም በሩን የሚያውቁ ናቸው፤ የእናትና የሕጻን መዝገብ እንዳላቸው ሁሉ የአልጋ ቁራኛ መዝገብ ሊይዙ ይችላሉ።

እድሮች በመተዳደሪያ ደንባቸው ላይ ሊጨምሩ የሚገባቸው አንቀጽ ረዥም አይደለም። ሐኪም እንደማይድን የመሰከረለት አባል ከቀብር ድርሻው የተወሰነውን በሕይወት ሳለ ለማስታገሻና ለነርስ እንዲወስድ፤ ሁለት ወይም ሦስት አባላት በተራ ሌሊት እንዲያድሩና አስታማሚዋ እንድትተኛ፤ ከድንኳንና ድስት ጋር ከፍ ዝቅ የሚል አልጋ፣ ተንቀሳቃሽ ወንበርና የአልጋ መጸዳጃ በእድሩ ዕቃ ቤት እንዲኖር። አልጋው ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው ይዞራል፤ ለዓመታትም ያገለግላል።

ለመድኃኒቱ ግን እድር አይበቃም፤ እዚያ ላይ መንግሥት መንቀሳቀስ አለበት። ኡጋንዳ እ.ኤ.አ. በ1993 አን ሜሪማን የምትባል ሐኪም በመሠረተችው ሆስፒስ ውስጥ ከዱቄት በውኃ የሚበጠበጥ ርካሽ ሞርፊን ማዘጋጀት ጀመረች፤ እ.ኤ.አ. በ2004 ደግሞ በልዩ ሁኔታ የሠለጠኑ ነርሶች እንዲያዝዙት በሕግ ፈቀደች። ምክንያቱም ሐኪም በየወረዳው የለም፤ ነርስ ግን አለች። የእኛም ጤና ሚኒስቴርና የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ይህን መንገድ ሊመለከቱት ይገባል። በዚህ ወር ሊደረግ የሚችለው ደግሞ ከዚያ ያነሰ ነው፤ አጋሮ ሆስፒታል፣ ሊሙ ገነት ሆስፒታልና እዚሁ ከተማ ያለው ሸነን ጊቤ ሆስፒታል ሽሮፑን በቋሚነት እንዲይዙ፣ ልዩ ማዘዣውንም የሚጽፍ አንድ የተሰየመ ሰው በእያንዳንዳቸው እንዲኖር። ከጅማ የሚሸኝ ሕመምተኛ በእጁ የሚይዘው የመውጫ ወረቀት ላይ የዚያ ሰው ስምና ስልክ ይጻፍበት።